የካርፕ ኩሬን በደረቁ በጋ ማሻገር፦ ከጥር እስከ መጀመሪያው ዝናብ

በበጋ ኩሬ ውስጥ ዓሣ ሲያልቅ ብዙ ሰው «ሙቀቱ ፈጀው» ይላል። ካርፕን ግን ሙቀት ብቻውን በቀላሉ አይገድለውም። ከ23 እስከ 30 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ እንዲያውም ደህና ይበላል፣ ደህና ያድጋል። ለአጭር ጊዜ ከዚያም በላይ ይችላል። የሚፈጀው የኦክስጅን እጥረት ነው። እሱ ደግሞ በቀትር አይመጣም። የሚመጣው ሊነጋጋ ሲል፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ የሚዞረው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው። ንጋት ላይ ኩሬያችሁ ውስጥ ስንት ኪሎ ዓሣ ስንት ኦክስጅን ይሻማል? መኖውም፣ ፍጉም፣ ውሃ መጨመሩም፣ ሽያጩም የሚለካው በዚህ ነው።

በምሳሌነት የምይዘው ዝዋይ (ባቱ)፣ መቂና ቆቃ አካባቢ የምታዩትን ዓይነት ትንሽ የገበሬ ኩሬ ነው። 10 በ20 ሜትር ነው፣ አማካይ ጥልቀቱ 1 ሜትር፣ አየር ማስገቢያ መሣሪያ የለውም። አርባ ምንጭ ወይም ታችኛው አዋሽ ያላችሁ ሙቀቱ ስለሚብስባችሁ የዓሣውንም የመኖውንም ቁጥር ቀነስ አድርጉ። ሰበታና አካባቢው ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱ ብዙ አያስጨንቃችሁም፤ የእናንተ ራስ ምታት የውሃው መጉደል ነው።

ካርፕ የአገራችን ዓሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ ከጣሊያን መጥቶ አባ ሳሙኤል ግድብ ገባ። ዛሬ ቆቃም ዝዋይም ላይ ይጠመዳል። ጠንካራ ነው፣ ያገኘውን ይበላል፣ ጭቃ ውስጥ ይኖራል። ይኸው ጥንካሬው ነው ባለቤቱን የሚያዘናጋው።

ሌሊት ኩሬው ውስጥ የሚሆነው

ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ከፍታም ይቀንሰዋል። ዝዋይ ከባሕር ጠለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 7.5 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ያው ውሃ 30 ዲግሪ ሲደርስ 6.2 ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። ዓሣው ደግሞ ውሃው በ10 ዲግሪ ሲሞቅ የሚፈልገው ኦክስጅን እጥፍ ገደማ ይሆናል። ገቢው ሲያንስ ወጪው ይጨምራል ማለት ነው።

ቀን ቀን በውሃው ውስጥ ያለው አረንጓዴ አልጌ (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ደቃቅ ሕይወት) በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመርታል። ከሰዓት በኋላ 9 እና 10 ሰዓት ላይ ኦክስጅኑ ይትረፈረፋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ምርቱ ይቆማል። መተንፈሱ ግን አይቆምም። አልጌው ራሱ ይተነፍሳል፣ ዓሣው ይተነፍሳል፣ ከታች የተጠራቀመው ፍግና የመኖ ትራፊ ሲበሰብስም ኦክስጅን ይበላል። ሌሊቱን ሙሉ ካለው ላይ ሲቀነስ ያድርና ከሌሊቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ከሁሉም ዝቅ ይላል።

5 ሚሊግራም ካለ ካርፕ አይቸገርም። ከ3 በታች ሲወርድ መብላት ያቆማል፣ ይጨነቃል። ከ1 በታች ወርዶ ሰዓታት ከቆየ ሬሳ ትለቅማላችሁ። መለኪያ መሣሪያ ካላችሁ በዚህ ሰዓት ለኩ እንጂ በቀትር አትለኩ። የቀትር ቁጥር ያጽናናል፣ አይጠቅምም።

1. ጥር ላይ፦ ውሃችሁ የት እንደሚሄድ እወቁ

በደረቁ ወራት ከስምጥ ሸለቆ ኩሬ በቀን 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይተናል ብላችሁ አስቡ። ትንሽ ይመስላል። በ200 ካሬ ሜትር ላይ ግን በቀን 1,200 ሊትር ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን 60 ጀሪካን! በወር ውሃው 18 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ይህ ምንም ቀዳዳ የሌለው ኩሬ ነው።

ኩሬያችሁ ከዚህ በላይ የሚያጣ ከሆነ የሚተነው ሳይሆን የሚሰርገው ነው የጎዳችሁ። ለመለየት ባልዲ ይበቃል። ባልዲውን ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ውሃው ውስጥ አቁሙት፣ እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ጣሉበት። ከዚያ ውስጡን ከኩሬው ውሃ ከፍታ እኩል እስኪሆን በውሃ ሙሉት። ከውስጥም ከውጭም በጠመኔ ወይም በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ከአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት በኋላ ተመልከቱ። ባልዲው ውስጥ የወረደው ትነት ነው። ከውጭ የወረደው ትነትና ስርገት አንድ ላይ ነው። ልዩነቱ ቀዳዳችሁ ነው። በሙከራው ቀን ውሃ አትጨምሩ፣ ከብትም አይጠጣ።

ስርገት ካለ አሁኑኑ ፈልጉት። በግድቡ ውጭ በኩል ዙሩ። በበጋ ሌላው ሣር ደርቆ አንድ ቦታ ብቻ ከለመለመ እዚያ ጋ ነው። ፍልፈል የሚወደው ግድብ ነው፤ ጉድጓዱን ቆፍራችሁ እስከ መጨረሻው ተከተሉና በጭቃ እየጠቀጠቃችሁ ድፈኑ። ከላይ ብቻ መክደን ዋጋ የለውም። አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ ውሃው ወርዶ የተጋለጠው ክፍል ይሰነጠቃል። በኋላ ኩሬውን ስትሞሉት ውሃው በስንጥቁ ይሄዳል። ግድቡ ላይ ሣር ይኑር፣ የተጋለጠውን አርጥቡት። ዛፍ ግን ግድብ ላይ አትትከሉ፤ ሥሩ ነው ነገ ቦይ የሚሆነው።

ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) ያነጠፋችሁ ደግሞ ሁለት ጠላት አለባችሁ። ከውሃው በላይ የቀረውን ፀሐይ ያደርቀዋል። በበጋ ውሃ ፍለጋ የሚመጣ ከብት ደግሞ በሰኮናው ይበሳዋል። አጥር የግድ ነው። አጥሩ ለከብት ብቻም አይደለም። ጂኦሜምብሬን ሲርስ ያንሸራትታል፤ የወደቀ ልጅ መውጣት አይችልም። ከአጥሩ ሌላ ቋጠሮ ቋጠሮ ያለው ወፍራም ገመድ በየጎኑ እስከ ውሃው ድረስ አንጠልጥሉ። ይህን ለነገ አትበሉ።

ከመስኖ ቦይ የምትጠቀሙ ከሆነ የውሃ ተራችሁን ከአሁኑ ከውሃ አባቱና ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ። መጋቢት ላይ ቲማቲሙ ሲጠወልግበት ለዓሣ ውሃ የሚለቅላችሁ ሰው የለም፤ አይፈረድበትምም። የሚሻለው ስምምነት መለዋወጥ ነው። ንጹሑን ውሃ ለኩሬው ትወስዳላችሁ፣ የኩሬውን የታች ውሃ ለማሳ ትለቃላችሁ። እንዴት እንደሆነ ቁጥር 5 ላይ አለ።

2. ዓሣውን ቀንሱ፣ ሁዳዴ ሳያልፍ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህን ሥሩ።

አየር ማስገቢያ የሌለው ኩሬ በሙቀት ወራት በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ግራም ዓሣ ቢሸከም ነው። ከዚያ በላይ ካለ በየሌሊቱ ቁማር እየተጫወታችሁ ነው። የእኛ ምሳሌ ኩሬ 200 ካሬ ሜትር ስለሆነ ከ40 እስከ 60 ኪሎ ይችላል። አሁን ሒሳቡን ሥሩ። ሁለት ዓሣ በካሬ ሜትር ጨምራችሁ ከነበረ 400 ናቸው። አንዱ 250 ግራም ከደረሰ 100 ኪሎ ሆነ። ግማሹ መውጣት አለበት። ውሃው እየወረደ እንደሚሄድም አትርሱ። ኩሬው ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ 40 ሳንቲ ሜትር ሲጎድል የሚቀራችሁ ከ60 በመቶ ያነሰ ውሃ ነው።

ስንት ኪሎ እንዳላችሁ የማታውቁ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ዓሣ አጥምዱ፣ በአንድ ላይ መዝኑ፣ ለቁጥራቸው አካፍሉ። ያንን በግምት በሕይወት ባሉት ቁጥር አባዙ። በግምት ይበቃል።

ደግነቱ የቀን መቁጠሪያው ከእናንተ ጋር ነው። ሁዳዴ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል፣ 55 ቀን ይቆያል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይሁን። ገበያው የራሱን መልስ ከሰጠ ቆይቷል፤ የዓሣ ዋጋ የሚወጣው ያኔ ነው። ሙቀቱ የሚበረታውም ያኔ ነው። ብዙ አርቢ ግን «ትንሽ ይደግ» እያለ እስከ ፋሲካ ይጠብቃል። ፋሲካ ሲደርስ ሰው ሁሉ ወደ ዶሮና በግ ይዞራል፣ ኩሬው ግማሽ ጎድሏል፣ ዓሣው ተፋፍጓል። በሁዳዴ የመጀመሪያ ሳምንታት ትልልቁን እየመረጣችሁ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት አውጡ። ኦክስጅን ሲያጥር ቀድሞ የሚሞተው ትልቁ ስለሆነ ምርጫው በሁለቱም በኩል ያዋጣል።

አወጣጡም ሰዓት አለው። ንጋት ላይ መረብ አትጎትቱ፤ ኦክስጅኑ ከሁሉም ያነሰበት ሰዓት ነው፣ መረቡም ጭቃውን ያነሳል። በቀትርም አይሆንም። ፀሐይ ወጥታ አልጌው ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ጨርሱ። በዋዜማው መኖ አትስጡ። የወጣውን ዓሣ ወዲያው በረዶ ላይ አድርጉት፤ በረዶ ከሌለ በርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ ጥላ ውስጥ አኑሩትና ጊዜ ሳትሰጡ አስረክቡ።

ደንበኛ «ካርፕ አጥንቱ ይበዛል» ብሎ ከቆሮሶ (ቲላፒያ) ዋጋ ዝቅ ሊያደርግባችሁ ይችላል። እውነቱን ነው፣ ሥጋው ውስጥ ደቃቅ አጥንት አለ። መፍትሔው ቢላዋ ነው። ሥጋውን ከጎን ከገፈፋችሁ በኋላ በስለታም ቢላዋ 3 እና 4 ሚሊ ሜትር እየተራራቀ እስከ ቆዳው ድረስ፣ ቆዳውን ሳትበጥሱ፣ ሰንጥቁት። በጋለ ዘይት ሲጠበስ የተቆራረጠው አጥንት ይለሰልሳል። ይህን ለምግብ ቤቶች አንዴ ሠርታችሁ አሳዩ።

በዚህ ወቅት አዲስ ጫጩት ዓሣ አትጨምሩ። የቱንም ያህል ርካሽ ቢያገኙ፣ መጓጓዣው ላይ ያልሞተው ኩሬው ላይ ይሞታል። ከካርፑ ጋር ቆሮሶ ካላችሁ ደግሞ ሳትጨምሩም ይጨምራል፤ በሙቀት ይራባል። ደቃቁን በጠባብ ዓይን መረብ እየለቀማችሁ ለዶሮ ስጡ።

3. መኖ

ውሃው ቀዝቀዝ ሲል የዓሣውን ክብደት 2 በመቶ መስጠት ይበቃል። ለ50 ኪሎ ዓሣ በቀን 1 ኪሎ ነው። ከሰዓት በኋላ ክንድ በሚያህል ጥልቀት ስትለኩት ውሃው 30 ዲግሪ ካለፈ ግማሹን ብቻ ስጡ። ንጋት ላይ ዓሣው ላይ ላይ ከታየ ጭራሽ አትስጡ። ካርፕ ለጥቂት ቀናት ቢጾም ምንም አይሆንም። ያልተበላ መኖ ግን ሌሊት ኦክስጅን ይበላል።

ሰዓቱ ጠዋት 3 ወይም 4 ሰዓት ይሁን። ማታ አትመግቡ። ዓሣ ከበላ በኋላ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ማታ ካበላችሁት ያ ፍላጎት ከሌሊቱ ጉድለት ጋር ይገጥማል።

ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ የሚደባልቁ ብዙዎች ናቸው። ጥሩ ነው፤ ግን በደረቁ አትበትኑት። በውሃ ለውሳችሁ ጠበቅ ያለ ኳስ አድርጉትና በሣህን ወይም በቅርጫት ላይ አድርጋችሁ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አስገቡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንሱት። የተረፈ ካለ ነገ ያንን ያህል ቀንሱ። የቢራ አተላ ርካሽ ስለሆነ ያጓጓል፤ በሙቀት ወራት ግን ኩሬ ውስጥ በጀሪካን መድፋት መርዝ ከመድፋት አይለይም፤ ወዲያው ይበሰብሳል።

4. ፍግና የውሃው ቀለም

ፍግ ወይም የዶሮ ኩስ የሚገባው አልጌ እንዲያድግና ዓሣውን እንዲመግብ ነው። በክረምት መውጫ ጥሩ ነው። በበጋ ግን ውሃው ሲጎድል ያው ማዳበሪያ በትንሽ ውሃ ውስጥ ይጠነክርና አልጌው ከልክ ያልፋል። የበዛ አልጌ ቀን ላይ ባለጠጋ ያስመስላል፣ ሌሊት ያከስራል።

መለኪያው ቀላል ነው። ነጭ የቆርቆሮ ክዳን በእንጨት ጫፍ ላይ ምቱ፣ እንጨቱ ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ። በቀትር ወደ ውሃው አስገቡትና ክዳኑ የሚሰወርበትን ጥልቀት አንብቡ።

ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ደህና ነው። ወደ 25 ሲወርድ ፍጉን አቁሙ። ከ20 በታች ከሆነ አደጋ ላይ ናችሁ፤ መኖውንም አቁሙና ውሃ መቀየር ጀምሩ።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። ካርፕ አፈር እየቆፈረ ስለሚበላ ውሃው በጭቃ ሊደፈርስ ይችላል። ያን ጊዜ ክዳኑ ቶሎ ቢሰወርም ምክንያቱ አልጌ አይደለም። በጠርሙስ ቀድታችሁ አሳድሩት። ወደ ታች ከዘቀጠ ጭቃ ነው። አረንጓዴ እንደሆነ ካደረ አልጌ ነው። ጭቃ ሲበዛ ፀሐይ ስለማይገባ ኦክስጅን የሚያመርት የለም። መድኃኒቱ ያው ዓሣ መቀነስ ነው።

አልጌ ሲበዛ ሌላም መዘዝ አለ። ከሰዓት በኋላ የውሃው ፒኤች (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያ) ወደ 9 ይወጣል። ከዓሣው ሽንትና ከትራፊው የሚመጣው አሞኒያ ፒኤች 7 ላይ ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላው ነው መርዛማ የሚሆነው። ፒኤች 9 ሲሆንና ውሃው 28 ዲግሪ ሲሞቅ ግን 40 በመቶ ያህሉ መርዛማ ይሆናል። ለዚህ ነው ዓሣ ባለበት ኩሬ ውስጥ በበጋ የተቃጠለ ኖራ አትጨምሩ የምለው። ኖራ ፒኤቹን ከፍ ያደርገዋል። እሱ ለባዶ ኩሬ ነው።

ለጥላ ብላችሁ እምቦጭ አታስገቡ። ቆቃንም ጣናንም ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ጥላ ከፈለጋችሁ በጥልቁ ጥግ አራት እንጨት አቁሙና ሰሌን ወይም ሸምበቆ ጣሉበት። ከኩሬው ሩብ በላይ አትሸፍኑ። ያ ጥግ ከወፍም ያስጥላል፤ ውሃው ሲወርድ ፔሊካንና አባ ኮዳ ሥራቸው ይቀላል።

5. ውሃ መጨመርና መቀየር

ግባችሁ ኩሬውን አፉ ድረስ መሙላት አይደለም። በጥልቁ በኩል ከ1.2 ሜትር እንዳይወርድ ጠብቁ። ውሃችሁ ትንሽ ከሆነ በሳምንት አንዴ ብዙ ከመጨመር በየቀኑ ጥቂት መጨመር ይሻላል።

ሰዓቱ? ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ እስከ ንጋት። ያው ውሃ ነው፣ ያው ነዳጅ ነው፤ ግን ኦክስጅኑ በጠፋበት ሰዓት ይደርሳል። ሰው ሁሉ ከቁርስ በኋላ ነው የውሃ ሞተሩን የሚያስነሳው። ያ የባለቤቱ ሰዓት እንጂ የዓሣው አይደለም።

የጉድጓድ ውሃ ከምድር ሲወጣ ኦክስጅን የለውም ማለት ይቻላል። በጎማ በቀጥታ ወደ ታች አትልቀቁት። ከፍ አድርጋችሁ በተበሳ ቆርቆሮ ወይም በድንጋይ ክምር ላይ እየተበታተነ ይውደቅ።

የምታወጡት ውሃ ደግሞ ከታች ይሁን። ከታች ያለው ነው ቆሻሻውና ኦክስጅን የሌለው። ማሳው ከኩሬው ዝቅ ካለ ጎማ በውሃ ሞልታችሁ አንዱን ጫፍ በመረብ ሸፍናችሁ ወደ ታች ስትሰዱት፣ ሌላው ጫፍ ማሳው ላይ ሲከፈት ውሃው በራሱ ይወርዳል። ለሽንኩርትና ለጎመን ከዚህ የተሻለ ውሃ የለም። ለዚህ ነው ከጎረቤት ጋር መለዋወጡ የሚያዋጣው።

ከቦይ ስትወስዱ ላይኛው ማሳ ላይ ምን እንደተረጨ ጠይቁ። ለቲማቲምና ለሽንኩርት ተባይ የሚረጩት ፓይሬትሮይድ የሚባሉ መድኃኒቶች፣ እንደ ላምዳ ሳይሃሎትሪንና ዴልታሜትሪን ያሉት፣ በጣም በትንሹም ዓሣ ይፈጃሉ። መርጫ የሚያጥብ ሰው ወደ ኩሬው እንዳይጠጋ በግልጽ ንገሩ። ዓሣ በጠራራ ፀሐይ፣ ትንሽ ትልቅ ሳይል፣ እየተወራጨ ከሞተ ኦክስጅን አይደለም፤ መርዝ ጠርጥሩ፣ ቦዩን ዝጉ። ያን ዓሣ ማንም አይብላ፣ ለውሻም አትጣሉ።

6. የንጋት ዙር፣ ችግር ሲመጣም

ከየካቲት ጀምሮ አንድ ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ኩሬውን ይይ። ባትሪ ይዞ፣ ቀስ ብሎ። አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ዓሣው አይታይም? ደህና ነው፣ ተመልሳችሁ ተኙ። ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ከፍቶ ውሃውን እየላሰ ነው፣ ስትጠጉትም አይሸሽም? ኦክስጅን አልቋል። ሁለት ሦስት ብቻ ከሆኑ ታመውም ይሆናል። ሁሉም ከሆኑ ግን ጊዜ የለም። እንዲህ አድርጉ፦

የውሃ ሞተሩን ከኩሬው ራሱ እንዲስብ አድርጉ። መሳቢያው ከውሃው ገጽ ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ ጭቃውን አይንካ። መውጫውን ወደ ሰማይ አቅኑትና ውሃው እንደ ዝናብ ተበታትኖ ይመለስ። ዓሣው ራሱ ወደዚያ ይሰበሰባል። ንጹሕ ውሃ ካለ በሌላ በኩል በአንድ ጊዜ አስገቡ። ሞተር የሌላቸው ቤተሰቡን ቀስቅሰው በባልዲ ከፍ አድርጎ ማፍሰስ አለባቸው፤ በትንሽ ኩሬ ይህም ነፍስ ያቆያል። እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት አታቁሙ። ዓሣው ሲወርድ «ዳነ» ብላችሁ ቶሎ አታጥፉት።

በዚህ ጊዜ መረብ መጣል፣ ኩሬው ውስጥ ገብቶ ጭቃውን ማንቦጫረቅ፣ «ደክሞታል» ብሎ መመገብ ክልክል ነው። የሞተውን በእጅ መረብ ከዳር ሆናችሁ አውጡ፤ ከቀረ ይበሰብስና የተረፈውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ለሁለት ሦስት ቀን መኖ የለም። በሚቀጥለው ሌሊት ከ9 ሰዓት ጀምሮ ሞተሩን አስነሱ፣ ምክንያቱም ይደገማል። ከዚያ ወደ ቁጥር 2 ተመለሱና ሽጡ።

ቀኑን ሙሉ ደመና ከሆነ፣ ነፋስም ከሌለ፣ በዚያ ሌሊት ችግር ጠብቁ። አልጌው ቀን ላይ ምንም አላመረተም። አረንጓዴ የነበረ ውሃ በአንድ ቀን ወደ ቡናማ ወይም ወደ ጥርት ያለ ከተቀየረም አልጌው በአንዴ ሞቷል ማለት ነው። እሱ ከሁሉ የከፋው ነው። ዓሣው ገና ደህና ቢመስልም ሞተሩን ያን ማታ አስነሱ።

የኤሌክትሪክ አየር ማስገቢያ ልግዛ የሚል ብዙ ነው። ግዙ፣ ይጠቅማል። ግን «መሣሪያ አለኝ» ብላችሁ ዓሣውን እጥፍ አታድርጉ። መብራት አንድ ሌሊት ሲጠፋ መሣሪያ የሌለው ጎረቤታችሁ ደህና ያድራል፣ የእናንተ ያልቃል። በዓሣው ልክ ሳይሆን ከዓሣው በላይ እንዲሆን ነው የሚገዛው።

7. የመጀመሪያው ዝናብ

ሰው ሁሉ ዝናብ ሲመጣ እፎይ ይላል። ለኩሬ ግን የበጋው አስጊ ሌሊት ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በሙቀቱ ነፋስ በሌለባቸው ቀናት ከላይ ያለው ውሃ ሞቆ፣ ከታች ያለው ቀዝቅዞ፣ ሁለቱ ሳይደባለቁ ቆይተዋል። ቀዝቃዛ ዝናብና ነፋስ ሲመጣ ይገለበጣሉ። ኦክስጅን የሌለው የታች ውሃ ከነሽታው ወደ ላይ ይወጣል። የቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች በቅዝቃዜው ወቅት ሲገለበጡ ዓሣ የሚያልቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚያ ላይ ጎርፉ የበጋውን እበት፣ አመድና የማሳ መድኃኒት ጠርጎ ይመጣል። ስለዚህ ደመናው ሳይጠቁር፣ መጋቢት መግቢያ ላይ፣ በኩሬው ላይኛ በኩል ጎርፉን የሚያሳልፍ ቦይ ቆፍሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ጎርፎች በጎን ይለፉ። ከጣሪያ የምትሰበስቡት ውሃ ካለ ግን እሱን አስገቡ።

በመጀመሪያው ዝናብ ዕለት አትመግቡ። ሞተሩ ነዳጅ ይኑረው፣ ጎማው ተገጥሞ ይደር። በዚያ ሌሊትና በማግስቱ ሌሊት የንጋቱን ዙር ከ9 ሰዓት ጀምሩ። ውሃው የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ዓሣው ላይ እስኪወጣ አትጠብቁ፤ አሁኑኑ ሞተሩን አስነሱ።

ከዚያ በኋላ ክዳኑን እየነከራችሁ ተከታተሉ። ለሳምንት ያህል ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ከታየና ንጋት ላይ ዓሣ ካልወጣ መኖውን በግማሽ ጀምሩ፣ በሳምንቱ ወደ 2 በመቶ መልሱት። ፍግ ግን ኩሬው ሞልቶ እስኪረጋ ይቆይ። ጫጩት የምትፈልጉም አሁን ነው ማዘዝ ያለባችሁ፤ ውሃው ሲረጋ እንዲደርስላችሁ።